እግሯ ከሳሏ ቀድሞ ሲናገር

ሁለቱ የሚነጋገሩት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ብርዱ ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። አንዷ በነርቭ ሕሙማን ክፍል ለብዙ ዓመታት የሠሩ ነርስ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ይላቸዋል። ሌላዋ መልቲፕል ስክለሮሲስ (ኤም ኤስ) ያለባትን ታላቅ እህቷን የምታስታምም ወጣት ናት።

አስታማሚዋ፦ ሲስተር፣ ከየካቲት ጀምሮ ሲከነክነኝ የከረመ ነገር አለ። እህቴ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋ ልትነሳ ስትል ግራ እግሯ እምቢ አላት። ከዓመታት በፊት ሕመሙ የጀመራት በዚያው እግር ነው። አገረሸባት ብዬ ይዣት ሄድኩ። ሐኪሙ እግሯን አየት አድርጎ፣ ትንፋሿን ቆጥሮ፣ የሽንት ምርመራና የደረት ራጅ አዘዘ። እግሬ ከዳኝ ላለች ሰው የደረት ራጅ! ውጤቱ ሲመጣ የሳንባ ምች ሆኖ ተገኘ። አላሳላትም፤ ትኩሳት አላት የሚያሰኝ ነገርም አልነበረም። እንዴት ነው ይሄ?

ነርሷ፦ አስተዋይ ሐኪም ገጥሟችኋል። አየሽ ልጄ፣ ኤም ኤስ ያለባት ሰው ሳንባዋ ሲታመም ቀድሞ የሚናገረው ሳንባዋ ላይሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ድሮ የተጎዳው ነርቭ ነው የሚቀድመው። በሽታው የሰውነት መከላከያ በገዛ ራሱ ላይ ተነሥቶ ማይሊን የሚባለውን የነርቭ ሽፋን የሚያጠፋበት ነው። ሽፋኑ የተጎዳ ነርቭ መልእክት ማድረሱን ባይተውም በስንት ጭንቅ ነው የሚያደርሰው። የሰውነት ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ከፍ ሲል እንኳ መልእክቱ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ ድሮ የደከመው እግር ይከዳል፤ ድሮ የታመመው ዓይን ይደበዝዛል፤ ምላስ ይተሳሰራል፤ ሽንት ያጣድፋል ወይም አልወጣ ይላል።

አስታማሚዋ፦ ግማሽ ዲግሪ? ትኩሳት የሚባለው እኮ ከ38 ጀምሮ ነው።

ነርሷ፦ 38 ዲግሪ፣ በዚህ አገር ቴርሞሜትር 100.4 ማለት ነው፣ ለሁሉም የወጣ ልክ ነው። የእህትሽን ልክ የምታውቂው ግን አንቺ ነሽ። ደህና በሆነችበት ሰሞን ለጥቂት ቀናት ጠዋትና ማታ ለክተሽ ጻፊው። ሁልጊዜ 36.2 የምትውል ሰው አንድ ቀን 37.4 ብትሆን ቴርሞሜትሩ «ትኩሳት የለም» ይላል፤ ለእሷ ነርቮች ግን ከአንድ ዲግሪ በላይ ጭማሪ ነው። ይህን ነገር መጀመሪያ የጻፈው ቪልሄልም ኡትሆፍ የሚባል ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1890። ሕሙማኑ ሰውነታቸውን ሲያንቀሳቅሱ ዓይናቸው ለጊዜው እንደሚደክም አየ። ምክንያቱ ሙቀቱ መሆኑ የተለየው ከእሱ በኋላ ቢሆንም እስከ ዛሬ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። እንዲያውም ኤም አር አይ ከመምጣቱ በፊት ሐኪሞች የጠረጠሩትን ሰው ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ አስቀምጠው ምልክቱ ይብስበት እንደሆነ ያዩ ነበር።

አስታማሚዋ፦ ታዲያ ያን ቀን አላገረሸባትም ማለት ነው?

ነርሷ፦ መልኩ የማገርሸት ነው፤ ውስጡ ግን አይደለም። አንጎሏ ወይም ኅብለ ሰረሰሯ ላይ አዲስ ቁስል አልወጣም፤ አሮጌው ቁስል ነው የተቀሰቀሰው። ሐኪሞች «አገረሸ» ለማለት የሚጠይቁት ነገር አለ። ምልክቱ ከ24 ሰዓት በላይ መቆየት አለበት፤ ካለፈው ማገርሸት ቢያንስ 30 ቀን የራቀ መሆን አለበት፤ ደግሞም ትኩሳትና ኢንፌክሽን በሌለበት የመጣ መሆን አለበት። ሦስተኛውን ሳያጣሩ የሚፈርዱ ሰዎች ናቸው የሚያስፈሩኝ።

አስታማሚዋ፦ ምን ያስፈራል? ሁለቱም መታከም ያለባቸው ሕመሞች አይደሉም?

ነርሷ፦ ሕክምናቸው ይጋጫል። ለማገርሸት የሚሰጠው ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ነው፤ ብዙ ጊዜ በቀን አንድ ግራም፣ ከ3 እስከ 5 ቀን በደም ሥር። ስቴሮይድ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ያልታየ የሳንባ ምች ላይ ሲፈስስ ጀርሙ ሜዳውን ብቻውን ያገኛል፤ ትኩሳቱንም ስለሚያጠፋው ሕመምተኛዋ የተሻላት ትመስላለች። ስለዚህ «እግሯ ከዳት» ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንፌክሽን አለ ወይ?» ነው፤ በተለይ ሽንትና ሳንባ። «በሽታው አገረሸ ወይ?» የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አስታማሚዋ፦ እንግዲያው ከአሁን በኋላ ምንም ነገር ባየሁ ቁጥር ኢንፌክሽን ነው ልበል?

ነርሷ፦ እሱንም አትበይ። ጉንፋን ራሱ እውነተኛ ማገርሸት ሊጠራ ይችላል። የመተንፈሻ ኢንፌክሽን ከያዛቸው በኋላ ባሉት ሳምንታት የማገርሸት ዕድል ከፍ እንደሚል በተደጋጋሚ ታይቷል። ሳንባዋ ድኖ፣ ሙቀቷ ወደ ልኩ ተመልሶ እግሯ ካልተመለሰ፣ ወይም ከዚህ በፊት ፈጽሞ ያልነበረባት አዲስ ነገር ከመጣ፣ ለነርቭ ሐኪሟ ይነገረው። ቅደም ተከተሉን ብቻ አትሳቺ።

አስታማሚዋ፦ እሺ፣ ደረቷን እንይ። ሳል ከሌለ በምን አውቃለሁ?

ነርሷ፦ ሳል ለምን እንደጠፋ ከገባሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ለማሳል አየር መሳብ ብቻ አይበቃም፤ በኃይል መወርወር ያስፈልጋል፤ የሚወረውሩት ደግሞ የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ናቸው። ኤም ኤስ ሲገፋ ከሁሉ ቀድመው የሚደክሙት ወደ ውጭ የሚያስተነፍሱት እነዚህ ጡንቻዎች ናቸው። ሰውዬው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ደህና ይተነፍሳል፤ አክታውን ግን ገፍቶ ማውጣት ያቅተዋል። አክታው ታች ይቀራል፣ ባክቴሪያም እዚያ ይራባል። ስለዚህ «አላሳላትም» ስትዪኝ ሁልጊዜ ደስ አይለኝም። ድሮ ጎረቤት ይሰማ የነበረ ሳሏ ዛሬ ጉሮሮ የመጥረግ ያህል ከሆነ፣ ጉሮሮዋ ላይ አክታ ሲንከረከክ እየተሰማሽ ካልወጣላት፣ እሱ ራሱ ምልክት ነው።

አስታማሚዋ፦ ቤት ውስጥ የሚለካበት መንገድ አለ?

ነርሷ፦ አለ፣ እኔ በጣም የምወደው። ሱዛን ስሜልትዘር የምትባል አሜሪካዊት የነርሲንግ ተመራማሪ በ1980ዎቹ መጨረሻ ያወጣችው መመዘኛ ነው፤ መሣሪያ አይፈልግም። ሕመምተኛዋን አክታ ማውጣት ያስቸግርሻል ወይ፣ ሳልሽ ደክሟል ወይ ብለሽ ትጠይቂያታለሽ፤ ሳሏን በጆሮሽ ትሰሚያለሽ፤ ከዚያ በረጅሙ አየር ስባ በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብላ እንድትቆጥር ታደርጊያለሽ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለች፣ ሳታርፍ። ጤነኛ ሰው 50 አካባቢ ሊደርስ ይችላል። አንቺን የሚጠቅምሽ ግን ከሌላ ሰው ጋር ማወዳደሩ አይደለም። ደህና በሆነች ጊዜ 32 የምትደርስ ከሆነ ጻፊው። አንድ ቀን 18 ላይ ትንፋሿ ካለቀ፣ ሳል ኖረም አልኖረም፣ ስልኩን አንሺ።

አስታማሚዋ፦ ትንፋሿን መቁጠርስ?

ነርሷ፦ እሱማ ግዴታ ነው። ግን እየቆጠርሽ መሆኑን ካወቀች አተነፋፈሷን ትለውጠዋለች። ቴሌቪዥን ስታይ ወይም ስታንቀላፋ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥረሽ በሁለት አታባዢ። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል። ከዚያ አልፎ ከቀጠለ ለሐኪሟ ይደወላል፤ 30 ከደረሰ ለ911። ሙቀትና ሳል ሊዋሹ ይችላሉ፤ የትንፋሽ ቁጥር ግን እምብዛም አይዋሽም።

አስታማሚዋ፦ አንድ የሚያደናግረኝ አለ። አንዳንድ ቀን «ደረቴን በመቀነት ጠፍንገው ያሰሩኝ ይመስለኛል፣ መተንፈስ አቃተኝ» ትላለች። ድንገተኛ ክፍል ሄደን ምንም የለም ተብለን ተመልሰናል። አሁን ደግሞ ስትለኝ ልደንግጥ ወይስ ልተው አላውቅም።

ነርሷ፦ መቀነቱ የራሱ የኤም ኤስ ምልክት ነው፤ ብዙ ሕሙማን ያውቁታል። ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ነርቮች ሲታወኩ የጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ ወይም ጡንቻው ምንም ሳይሆን ስሜቱ ብቻ ይመጣል። በደከማት፣ በሞቃት፣ በተጨነቀች ቀን ይብሳል። ያን ጊዜ ትንፋሿን ስትቆጥሪ ልኩ ላይ ነው፤ አክታ የለም፤ ሙቀቷም አልተነሣም። የሳንባ ምች ውጋት ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ነው፤ በረጅሙ ስትተነፍስ ወይም ስታስል እንደ መርፌ ይወጋታል፤ ትንፋሿም ይፈጥናል። ግን እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ኢንፌክሽኑ ራሱ መቀነቱን ሊያጠብቀው ይችላል። «መቀነቱ ነው» ብለሽ ከማለፍሽ በፊት ሁልጊዜ ቁጠሪ፣ ለኪ።

አስታማሚዋ፦ ልብ ቢሆንስ?

ነርሷ፦ እሱን ልልሽ ነበር። ድንገት የመጣ የደረት ሕመም፣ ድንገት ያጠረ ትንፋሽ፣ በተለይ አንድ እግሯ ካበጠ፣ መቀነት ነው ብለሽ አታሳድሪው። ብዙ የማይንቀሳቀስ እግር ውስጥ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ተነቅሎ ሳንባ ሊዘጋ ይችላል። ልብም ኤም ኤስ አለባት ብሎ አይምራትም። እዚያ ላይ ጥበቃ የለም፤ ወዲያው 911 ነው።

አስታማሚዋ፦ ጣት ላይ የሚገባውን ኦክስጅን መለኪያ ገዝቻለሁ። 95፣ 96 ሲል ልቤ ያርፋል።

ነርሷ፦ መግዛትሽ ጥሩ ነው። ልብሽ ሙሉ በሙሉ እንዳያርፍ ግን ሁለት ነገር ልንገርሽ። አንደኛው የቆዳችን ነገር ነው። በ2020 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ላይ የወጣ የሚሺጋን ሐኪሞች ጥናት አለ። መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ካሳየባቸው ልኬቶች መካከል የደሙ ትክክለኛ ኦክስጅን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ ልኬት በ3.6 በመቶው፣ ከጥቁሮቹ ልኬት በ11.7 በመቶው ነበር። መብራቱ በጠቆረ ቆዳ ውስጥ ሲያልፍ መሣሪያው አብልጦ ያነባል። ይህ ለእኛ ወሬ አይደለም፤ ሰው ከድንገተኛ ክፍል ደጃፍ «ደህና ነሽ» ተብሎ የሚመለስበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ደህና ስትሆን ስንት እንደሚያሳይ እወቂ፤ 98 የምትውል ሰው 94 ስትሆን መውረዱን እይ። ጣቷ የሞቀ ይሁን፤ የጥፍር ቀለም ያልተቀባ፣ እንሶስላ ያልሞቀ ጣት ምረጪ።

አስታማሚዋ፦ ሁለተኛውስ?

ነርሷ፦ ሁለተኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የመተንፈሻ ጡንቻዋ የደከመ ሰው ኦክስጅኗ ደህና እየታየ የተቃጠለውን አየር ማስወጣት ሊያቅታት ይችላል። ያ ሲጠራቀም ጠዋት ራስ ምታት ያመጣል፤ ቀን ያንቀላፋታል፤ ንግግሯ ይዘበራረቃል። የጣት መሣሪያው ይህን አያይም። ከወትሮው የተለየ እንቅልፍ ከበዛባት፣ ጠርተሻት ለመንቃት ከዘገየች፣ ወይም የምታውቀው ሰው ከጠፋባት «ድካም ነው» አትበይ። ደግሞ «ከንፈሯ ሰማያዊ ሆነ?» ተብለሽ ስትጠየቂ የከንፈሯን ውስጥ፣ ድዷንና ምላሷን እይ፤ በእኛ መልክ ላይ መጥቆሩ የሚለየው እዚያ ነው።

አስታማሚዋ፦ ዘመዶቻችን እኮ ኤም ኤስን «የፈረንጅ በሽታ ነው፣ ተሳስተው ነው» እያሉ ስንት ጊዜ መድኃኒቷን ሊያስጥሏት ነበር።

ነርሷ፦ በ2013 ከደቡብ ካሊፎርኒያ የወጣ ትልቅ ጥናት ጥቁር ሴቶች ላይ አዲስ የሚገኘው ኤም ኤስ ከነጭ ሴቶች እንደሚበልጥ አሳይቷል። ለዘመዶችሽ ይህን ንገሪያቸው። መድኃኒቱን ድንገት ማቆም ደግሞ የራሱ አደጋ አለው፤ ለምሳሌ ፊንጎሊሞድን ያቋረጡ አንዳንድ ሕሙማን ከበፊቱ የከፋ ማገርሸት ደርሶባቸዋል። ኢንፌክሽን ሲይዛት መድኃኒቷ ይቁም፣ ይዘግይ ወይስ ይቀጥል የሚለውን የሚወስነው የሚያክማት ሐኪም ነው።

አስታማሚዋ፦ እሷ በየስድስት ወሩ የሚንጠባጠበውን ነው የምትወስደው፤ ኦክሬሊዙማብ።

ነርሷ፦ እሱ ቢ ሴል የሚባሉትን፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን የደም ሴሎች ነው የሚያጠፋው። ለኤም ኤሱ መልካም ነው፤ የላይኛው መተንፈሻ ኢንፌክሽን ግን ይበዛል። በወረርሽኙ ጊዜ ጣልያን ውስጥ ሕሙማኑን የተከታተሉ ሐኪሞች እሱንና ተመሳሳዩን ሪቱክሲማብን የሚወስዱት ኮቪድ እንደሚጠናባቸው አይተዋል። በዓመታት ውስጥ የደም ፀረ እንግዳ አካል መጠን ሊወርድ ስለሚችል በየጊዜው ይለካል። በአንድ ዓመት ውስጥ እየተመላለሰ የሚይዛት ጉንፋን፣ ሳይነስ፣ ብሮንካይተስ ካለ «ዕድሏ ነው» ሳይሆን «ፀረ እንግዳ አካሏ ተለክቷል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ኢንፌክሽን ላይ ሆና መድኃኒቱ አይንጠባጠብላትም፤ ቀጠሮው እንዳይሰረዝ ብላችሁ ሳሉን አትደብቁ። ሰዎች ያንን ያደርጋሉ፤ ቀጠሮ ማግኘት ስንት ደጅ ጥናት እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አታድርጉት።

አስታማሚዋ፦ አንዲት የምናውቃት ሴት ደግሞ መርፌ በወጋች ቁጥር ያንቀጠቅጣታል፤ ኢንፍሉዌንዛ ያዘኝ ትላለች።

ነርሷ፦ የምትወስደው ኢንተርፌሮን ቤታ ይሆናል። ከ1993 ጀምሮ ያለ የቆየ መድኃኒት ነው። መርፌው በተወሰደ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ብርድ ብርድ ይላል፣ ቁርጥማት ይመጣል፣ ሙቀት ይነሣል፤ በማግሥቱ ያልፋል። አፍንጫ አያፈስስም፣ ጉሮሮ አይከረክርም፣ አክታ የለውም። ከመርፌው ቀን ጋር የማይገጥም፣ ወይም ሳል ይዞ የመጣ ከሆነ ግን የመርፌው አይደለም።

አስታማሚዋ፦ ሲስተር፣ አንድ ልጠይቅዎት የፈራሁት አለ። እናታችን ከአዲስ አበባ የመጡ ሰሞን እህቴ ጉንፋን ያዛት። ባሕር ዛፍ አፍልተው፣ ጋቢ ደርበው አጠኗት፤ ላብ በላብ እስክትሆን። ከተነሣች በኋላ መቆም አቃታት። እናቴ እስካሁን «የኔ ጥፋት ነው» እያሉ ያዝናሉ።

ነርሷ፦ ንገሪያቸው፣ ምንም አልጎዷትም። ጋቢውና እንፋሎቱ ሙቀቷን አነሡት፣ ነርቩ ለጊዜው ዝም አለ፤ ስትቀዘቅዝ ይመለሳል። ተመለሰ አይደል?

አስታማሚዋ፦ ከአንድ ሰዓት በኋላ።

ነርሷ፦ እንግዲያው ያው ኡትሆፍ የጻፈው ነው። ግን ዳግመኛ አትታጠን። የእናት እጅ የለመደው ማሞቅ ነው፤ ለዚህች ልጅ ግን የሚሻላት ማቀዝቀዝ ነው። ቀለል ያለ ልብስ፣ አየር ያለው ክፍል፣ ለብ ያለ ውሃ የነካ ፎጣ፣ በመመሪያው ልክ ፓራሲታሞል። ፓራሲታሞሉን ከመስጠትሽ በፊት ሙቀቷን ለክተሽ ጻፊ፤ አለዚያ ምልክቱን ራስሽ ታጠፊዋለሽ። እናታችሁ ዝንጅብልና ማር ያፍሉላት፤ ቀዝቀዝ ሲል ትጠጣው። ፍል ውሃ የሚወስዷት ዘመዶችም ካሉ ይኸው ምክንያት ይነገራቸው።

አስታማሚዋ፦ ከፋርማሲ የሚገዛ የጉንፋን መድኃኒትስ?

ነርሷ፦ አፍንጫ የሚከፍቱት፣ ፕሱዶኤፌድሪን ያለባቸው፣ ሽንት ይይዛሉ። ኤም ኤስ ላለባትና ሽንቷ አስቀድሞ ለሚያስቸግራት ሴት በጉንፋን ላይ ሌላ ጣጣ ነው። ፋርማሲስቱን ሳትጠይቂ አትግዢ። ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ አሞክሲሲሊንም አትስጫት። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ የሳንባ ምች ከሆነ ደግሞ የትኛው መድኃኒት፣ ስንት ቀን የሚለውን ሐኪም ይወስን። ኢንፍሉዌንዛ ከሆነ መድኃኒቱ በደንብ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ነው፤ የኮቪዱ ክኒን በ5 ቀን ውስጥ መጀመር አለበት። «ሦስት ቀን ልየው» የሚለው ልማዳችን እዚህ ላይ ነው የሚጎዳን። ባክሎፌን ትወስዳለች?

አስታማሚዋ፦ ለእግሯ መወጠር፣ አዎ።

ነርሷ፦ መዋጥ አቅቷት ክኒኑ ከተዘለለ ለሐኪሟ ንገሪ፤ በድንገት ሲቋረጥ እስከ መንዘፍዘፍ ያደርሳል።

አስታማሚዋ፦ መዋጥ ሲሉ አስታወሱኝ። ውሃ ስትጠጣ ትን ይላታል። እንጀራውን ደህና ትበላለች፤ ውሃና ሻይ ላይ ነው።

ነርሷ፦ ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም! ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራሙ ይልቅ ያመልጣል፤ ጉሮሮ ሳይዘጋ ቀድሞ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። በዚህ በሽታ ብዙ ሰው የመዋጥ ችግር አለበት፤ ከፊሉ ራሱ አያውቀውም። ትን ማለቱ እንኳ ደግ ነው፤ ሰውነቷ እየተከላከለ ነው። የባሰው ስሜቱ ደክሞ ምግቡ ድምፅ ሳያሰማ ሳንባ ሲገባ ነው። ከበላች በኋላ ድምፅዋ እርጥብ ሆኖ ይንከረከካል? ምግብ ላይ ድሮ ከምትቆየው በላይ ትቆያለች? ማታ ከራት በኋላ ሙቀቷ እየተነሣ ጠዋት ይተዋታል? ክብደቷ ቀንሷል?

አስታማሚዋ፦ ድምፅዋ አዎ። ጉንፋን የማይለቃት መስሎኝ ነበር።

ነርሷ፦ በዚህ ሳምንት ለሐኪሟ ደውለሽ የመዋጥ ምርመራ ይታዘዝላት። የንግግርና የመዋጥ ባለሙያ ያያታል፤ ፈሳሹ ምን ያህል ይወፍር፣ አንገቷን እንዴት ትያዝ የሚለውን እሱ ይወስናል፤ በግምት አታወፍሪው። እስከዚያ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ትብላ፤ ከበላች በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አትጋደም። ቆሎና ደረቅ ዳቦ ይቅርባት። በርበሬው የበዛ ወጥ የሚያስላት ከሆነ ይለዝብ። ጥርሷንና ምላሷን ጠዋትና ማታ በደንብ አጽጂ፤ ከአፍ ወደ ሳንባ የሚወርደው ምራቅ ንጹሕ ሲሆን የሳንባ ምች ይቀንሳል። ጉርሻ ደግሞ...

አስታማሚዋ፦ ጉርሻም?

ነርሷ፦ ለእሷ አዎ። ዘመድ በመጣ ቁጥር ፍቅሩን በጉርሻ ነው የሚገልጸው፤ ትልቅ ትልቁን። እሷም ይሉኝታ ይዟት አትመልስም። በትንሽ በትንሹ፣ በራሷ እጅ፣ በራሷ ጊዜ ትብላ። አጠገቧ ስትቀመጪ «ዛሬ ጉርሻ ክልክል ነው፣ ሐኪም አዟል» በይ፤ በሐኪም ላይ ማንም አይቀየምም። እየበላች አታስቋት፣ አታናግሯት።

አስታማሚዋ፦ ክትባቱንስ? ክትባት ኤም ኤስ ያስነሣል የሚሉ አሉ።

ነርሷ፦ በ2001 የታተመ ሰፊ የአውሮፓ ጥናት ክትባት ማገርሸትን እንደማይጨምር አሳይቷል። የኢንፍሉዌንዛው በየዓመቱ፣ በመርፌ፤ በአፍንጫ የሚረጨው ሕያው ቫይረስ ስለሆነ ለእሷ አይደለም። የሳንባ ምቹንም፣ የኮቪዱንም ጠይቁ። ኦክሬሊዙማብ ቢ ሴሎቿን ስላጠፋ ክትባቱ ሙሉ በሙሉ ላይዝላት ይችላል፤ ስለዚህ ቀኑን ከሐኪሟ ጋር አስማሙ። አንቺ፣ እናትሽ፣ ቤት የሚመላለሰው ሁሉ ይከተብ፤ የእናንተ ክትባትም እሷን ይጠብቃታል።

አስታማሚዋ፦ በታኅሣሥ አገር ቤት ልንሄድ አስበናል።

ነርሷ፦ ሂዱ፤ ቤተሰብ ይናፍቃል። ከተመለሳችሁ በኋላ ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት ከመጣ ግን ቲቢ እንዲታይ ጠይቁ፤ ለሚያያትም ሐኪም አገር ቤት መሄዷንና የምትወስደውን መድኃኒት ንገሩት። እዚያም ብትታመም «ኤም ኤስ አለባት፣ መከላከያ የሚቀንስ መድኃኒት ትወስዳለች» የሚል ወረቀት ከነመድኃኒቶቿ ስም በቦርሳዋ ይኑር።

አስታማሚዋ፦ ወደ ሐኪሟ ቢሮ ስደውል ግን ምን ልበል? በስልክ «ደክሟታል» ስላቸው «ኤም ኤስ ያደክማል» ብለው ይመልሱኛል።

ነርሷ፦ «ደክሟታል» አትበዪ። እንዲህ በይ፦ «መልቲፕል ስክለሮሲስ አለባት፤ ኦክሬሊዙማብ የወሰደችው በዚህ ቀን ነው። ከትናንት ጀምሮ ግራ እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ሙቀቷ ከወትሮው በዚህን ያህል ጨምሯል። በደቂቃ 24 ጊዜ ትተነፍሳለች፤ ደህና ስትሆን 16 ነው። በአንድ ትንፋሽ 32 ትቆጥር ነበር፤ ዛሬ 18 ነው። የሳንባና የሽንት ኢንፌክሽን እንዲታይላት እፈልጋለሁ።» ይህን የሰማ ነርስ ስልኩን አይዘጋም። ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃታት፣ ከተዘበራረቀች፣ ከንፈሯ ውስጡ ከጠቆረ፣ ወይም መሣሪያው ከ92 በታች ካሳየ ግን ለእነሱ አትደውዪ፤ 911 ነው።

አስታማሚዋ፦ እህቴ ግን እሺ አትለኝም። «እንደ ሕፃን አትቁጠሪኝ፣ አትለኪኝ» ትላለች። ቴርሞሜትር ይዤ ስገባ ፊቷን ታዞራለች።

ነርሷ፦ እውነቷን ነው። ቀኑን ሙሉ የሚያያት ዓይን ማን ይወዳል? ታላቅሽ ናት፤ ሰውነቱም የእሷ ነው። አንቺ መርማሪ አትሁኚባት። ያልኩሽን ሁሉ ለእሷ ንገሪያት፤ እግሯ ሲከዳት መጀመሪያ ሳንባዋን እንድትጠረጥር ታውቅ። ሙቀቷን ራሷ ትለካ፣ ቁጥሯን ራሷ ትቁጠር፣ ደብተሩም በእሷ እጅ ይሁን። ያንቺ ድርሻ እሷ ማድረግ በማትችልበት ቀን ደብተሩ የት እንዳለ ማወቅ ነው።

አስታማሚዋ፦ ካልሆነስ? እምቢ ካለች?

ነርሷ፦ ቅዳሜ እኔ መጥቼ እጠይቃታለሁ፤ በሽተኛ መጠየቅ ስለሆነ አትቆጣም። ቡና ከተጠጣ በኋላ እኔም እቆጥራለሁ፣ አንቺም ትቆጥሪያለሽ፣ እሷም ትቆጥራለች፤ የሁላችንም ይጻፋል። ያኔ የድምፅዋንም ነገር በጆሮዬ እሰማዋለሁ። የመዋጥ ምርመራውን ግን እስከ ቅዳሜ አታቆዪው፤ ነገ ጠዋት ደውዪ።